ሽውታ በሰርቨሩ ክፍል

“ሮክሳ! ኧረ ሮክሳ! ይኼ ጉድሽ ደግሞ ሞተ!”

የመጋዘኑ ኃላፊ የሚሌታ ድምፅ ደረጃውን ወጥቶ ሲመጣ ሮክሳንዳ ከአይብ ቂጣዋ፣ ከቡሬኳ፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ገና አልዋጠችም ነበር። ሰዓቷን አየች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ትናንት አራት ከዘጠኝ ላይ ነበር፤ ሰኞ አራት ከአሥር፤ ያለፈው ዓርብ አራት ከሩብ። ሞት እንኳ እንዲህ ቀጠሮ አያከብርም ብላ አሰበችና ቡሬኩን በቅባታም ወረቀቱ ጠቅልላ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው።

ሮክሳንዳ በቫልየቮ ከተማ ዳር ባለው የበርና የመስኮት ማሸጊያ ጎማ ፋብሪካ የኮምፒውተር ሥርዓት አስተዳዳሪ ናት። ለሠራተኛው ግን “የኮምፒውተሯ ሴትዮ” ናት፤ ኮምፒውተር ሲበላሽም፣ የቡና ማሽን ሲያንጠባጥብም፣ የአንዱ ስልክ ሲቆለፍም የምትጠራው እሷ ነች። ዛሬ የተበላሸው ግን ዋናው ነው። ሰርቨሩ ሲሞት የመጋዘኑ ማተሚያ አብሮት ይሞታል። ማተሚያው ከሞተ የጭነት ወረቀት አይወጣም፣ ወረቀት ካልወጣ መኪና አይንቀሳቀስም፣ መኪና ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ጋዝዳ ራዲሻ ይንቀሳቀሳል። ጋዝዳ የሚሉት ባለቤቱን ነው።

ተንቀሳቅሶም ነበር። ደረጃው ሥር ቆሞ ጠበቃት፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

“ሁለት መኪና ለቦስኒያ፣ አንድ ለኒሽ። ሦስት ሹፌር ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ሲጋራውን እኔ ባልገዛውም ጊዜውን ግን የምገዛው እኔ ነኝ!”

“አሁን አስነሳዋለሁ፣ ጋዝዳ። አምስት ደቂቃ።”

“መነሳቱንማ ይነሳል፤ እንደ አልዓዛር በየቀኑ እየተነሳ ነው! እኔ የምለው ለምን ይሞታል? ስሚኝ፤ በስምንት ሰዓት የቤልግሬዱ ሰውዬ ውል ይዞ ይመጣል። ኮምፒውተሩንም ጭንቀቱንም እኛው እንውሰድልዎ ብለውኛል። እስከዚያ ምክንያቱን ከነጥፋተኛው በወረቀት አምጪልኝ። ካልሆነ እፈርማለሁ። ከፈረምኩ ደግሞ ለአንድ ሥራ ሁለት ቦታ መክፈል አልችልም። ገባሽ?”

ገብቷታል። ልጇ ኢስክራ ኖቪ ሳድ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ የክፍሏን ኪራይ የምትከፍለው ሮክሳንዳ ናት። የጋዝዳ ፊርማ የሚያርፈው ውሉ ላይ ብቻ ሳይሆን በልጇ አልጋ ላይም ነው።

ወደ ሰርቨሩ ክፍል ስትሮጥ ኮሪደሩ ላይ ሠራተኛው ሁሉ “አክስቴ” ከሚላቸው ከጽዳት ሠራተኛዋ ከአክስቴ ዴሳንካ ጋር ተላለፈች። ባልዲና መወልወያ ይዘው በእርጋታ ይመጣሉ።

“ፍጠኚ ልጄ፣ እየተጣሩ ነው” አሉ አክስቴ ዴሳንካ፣ እንደ ሁልጊዜው።

የሰርቨሩ ክፍል ከሠራተኞች ወጥ ቤት ጎን ያለች፣ ድሮ ድንችና ሽንኩርት ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል ነች። ቁልፏ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ሮክሳንዳ ገባች። መስኮቱ ክፍት ነው። መስኮቱ ላይ የቆመው ማራገቢያ ይሽከረከራል፤ ሙቁን አየር ወደ ውጭ ይገፋል። ሁሉም በቦታው ነው። ሰርቨሩ ግን እንደ ዳቦ ምድጃ ግሎ፣ ራሱን አጥፍቶ ጸጥ ብሏል። ቁልፉን ተጫነችው፤ አጉረመረመና ተነሳ። ከመጋዘኑ የሚሌታ “ነፍስ ዘራ!” የሚል ድምፅ ተሰማ።

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሻርፗን አንገቷ ላይ አጠበቀች። ይኼ ክፍል ለአንገት መጥፎ ነው።

እሷ ያላደረገችው ነገር የለም። ባለፈው ሐሙስ፣ አየሩ ድንገት ሲሞቅ፣ ኤሲ እንዲገዛ ለጋዝዳ ሦስት ገጽ ማመልከቻ ጽፋ ነበር። የስድስት ሞዴሎችን ዋጋ፣ የመቶ አሥራ አራት ገዢዎችን አስተያየት አያይዛለች። ሮክሳንዳ የልብስ ሳሙና እንኳ ስትገዛ አርባ አስተያየት ሳታነብ አትገዛም። ነፍሱን ይማረውና አባቷ “ርካሽ ነገር ለመግዛት የሚያበቃ ሀብት የለኝም” ይል ነበር፤ እሷም በዚሁ ቃል ታድራለች። ጋዝዳ ግን ማመልከቻውን በአውራ ጣቱ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና፦

“ኤሲ? ለብረት ሳጥን?” አለ። “እኔ በብረት ማቅለጫ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ማን አራገበልኝ?”

በማግሥቱ ጠዋት በቅናሽ የተገዛ የሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዲናር ማራገቢያ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። መስኮቱ ላይ አቆመችው። በዚያው ዕለት በአራት ሰዓት ከሩብ ሰርቨሩ ሞተ።

ቅዳሜ እረፍቷን ትታ መጥታ የሰርቨሩን ኃይል ማቀበያ፣ ፓወር ሰፕላዩን፣ ቀየረች። ሰኞ ደግሞ ሞተ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ጥፋቱ የርካሹ ማራገቢያ ነው ብላ ደመደመች፤ አልፎ አልፎ እየቆመ መሆን አለበት። ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ማራገቢያውን በብብቷ ሸጉጣ የተገዛበት ሱቅ ሄደች። ሻጩ መነጽራም፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ሰካው፤ ተሽከረከረ።

“እመቤቴ፣ ይሠራል እኮ።”

“እዚህ ይሠራል! እኛ ቤት ሲሄድ ነው የሚቆመው።”

“ሰው ያፍር ይሆናላ።”

“ይቀልዱብኛል? የሸማች መብት አለኝ! ገመዱም አጭር ነው፤ ሦስት ሜትር ይላል፣ ለክቼዋለሁ፣ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው!”

ከኋላዋ ሰልፍ የያዙ ሰዎች ማጉረምረም ሲጀምሩ ሻጩ ገንዘቡን መለሰላት። እሷም ከኪሷ ጨምራ ሰባት ሺህ አራት መቶ ዲናር የሚያወጣውን ገዛች። ቤቷ ገብታ እራት ሳታቀርብ የሱቁን ገጽ ከፍታ አንድ ኮከብ ሰጠችና ጻፈች፦ “ሰው ፊት የሚሠራ፣ ዞር ስትሉ የሚያርፍ ማራገቢያ። እኔ ተቃጥያለሁ፤ እናንተ አትቃጠሉ።” ሠላሳ አንድ ሰው ወደደላት።

ማክሰኞ ሰርቨሩ አልሞተም። ሮክሳንዳ በሆዷ ለአባቷ ሻማ አበራች። ረቡዕ ሞተ። ይኸው ዛሬ፣ ሐሙስም ሞተ።

ስልኳ ጮኸ። ኢስክራ ናት።

“እማ፣ ፈተናውን አለፍኩ!”

“እሰይ የኔ ልጅ! የት ነሽ? ምንድን ነው የሚነፍሰው?”

“አውቶቡስ ውስጥ ነኝ። መስኮቱ ተከፍቶ ነው።”

“ፀጉርሽን አድርቀሽ ነው የወጣሽው?”

“እማ፣ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው።”

“ሽውታ ዕድሜ አይጠይቅም! ዝጊው። ካልሆነ ኮፍያ አድርጊ። የአጎትሽ ልጅ ጆሮውን ከመታው በኋላ ይኸው እስከ ዛሬ በግራው አይሰማም።”

“እሱማ ሚስቱን ላለመስማት ነው” አለች ኢስክራና ስቃ ዘጋችው።

ሮክሳንዳ እየሳቀች ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስክሪን ዞረች። ሰርቨሩ በየደቂቃው የራሱን ሙቀት የሚጽፍበት መዝገብ አለ። እስከ ዛሬ የምታየው የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ብቻ ነበር፤ ከመሞቱ በፊት ሰማኒያ ዲግሪ መድረሱን። አሁን የሳምንቱን በሙሉ ከፈተችው። መስመሩ እንደ ሜዳ ተዘርግቶ ይሄድና በየሥራ ቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽቅብ ይወጣል። ከሥራ ቀኖቹ ማክሰኞ ብቻ ሜዳ ነው።

“ማክሰኞ ምን ነበር?” አለች ለራሷ።

በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ዴሳንካ በወረቀት ፎጣ የተሸፈነ ሳህን ይዘው ብቅ አሉ።

“ቡሬክሽን ሳትበዪ እንደሮጥሽ አውቃለሁ። በይ ቅመሺ። ከዝክሩ የተረፈ ነው፤ ትናንት ረስቼው መጣሁ።”

ሳህኑ ላይ በስኳርና በዋልነት የታሸ የስንዴ ንፍሮ፣ ከጎኑም ሁለት ቁራጭ የዋልነት ኬክ አለ። ሮክሳንዳ በማንኪያ አነሳችና አፏ ሳታደርስ ቆመች።

“አክስቴ፣ የቤታችሁ ዝክር ማን ነው?”

“ጊዮርጊስ ነዋ! አታውቂም እንዴ? ሃያ ሦስት ሰው ነው የመጣብኝ። አንድ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ እንጂ እሱም አልበቃኝም።”

“ጊዮርጊስ ማክሰኞ ነበር።”

“ማክሰኞ ነበር።”

ሮክሳንዳ ማንኪያውን አስቀመጠች። “አክስቴ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነው የሚሆኑት?”

“የት እሆናለሁ? እረፍቴ ነዋ። እዚሁ ወጥ ቤት ቡናዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ጀርባዬን ለዚህ በር ሰጥቼ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ሽውታ!” አሉ አክስቴ ዴሳንካ፣ ብሶታቸው የሚሰማ ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸው። “በዚያ መስኮት፣ በዚህ በር ሥር፣ ፉት እያለ አንገቴን! ባለፈው ዓርብ ገና ስቀመጥ መታኝ። ጎረቤቴ ስሎቦዳን በአውቶቡስ ሽውታ አፉ የተጣመመው እኮ በዚሁ ወር ነው፤ ሾርባ በአንድ ጎኑ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ እገባለሁ፣ ያንን ማሽን አጠፋለሁ፣ መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ከዚያ በሰላም ቡናዬን እጠጣለሁ።”

“ያጠፋሉ?”

“አጠፋለሁ። ግን ልጄ፣ የሰው ዕቃ አጥፍቼ የምሄድ ሰው አይደለሁም! ስነሳ መልሼ እከፍተዋለሁ። መስኮቱንም።”

“መቼ ነው የሚነሱት?”

“ሚሌታ ሲጮህ።”

“ምን?”

“ሚሌታ ‘ሮክሳ!’ ብሎ ሲጮህ እረፍቴ አለቀ ማለት ነው። ጥሩ ሰዓት ነው፤ አንድም ቀን አላጓደለም።”

ሮክሳንዳ መሳቅም ማልቀስም አማራት። ፓወር ሰፕላዩ፣ ቅዳሜዋ፣ ሰባት ሺህ አራት መቶው ዲናር፣ የመነጽራሙ ሰውዬ ፊት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት።

“አክስቴ! እሱን ሲያጠፉት እኮ ነው ሰርቨሩ ግሎ የሚሞተው! ሚሌታ የሚጮኸው እርስዎ ስላጠፉት ነው!”

አክስቴ ዴሳንካ በሩ ላይ ያቆሙትን መወልወያቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። “እኔ ነኝ?”

“እርስዎ ነዎት።”

“ጡረታ ልወጣ ስምንት ወር ነው የቀረኝ” አሉ ቀስ ብለው። “ለጋዝዳ ትነግሪዋለሽ?”

ሮክሳንዳ ዓይኗን ወደ መዝገቡ መለሰች። አክስቴ ዴሳንካ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ አደረጉትና ወጡ። ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው ከወጥ ቤቱ ተሰማ፦ “ኬኩን ብይ ለማንኛውም። አንቺ ምን አደረግሽ?”

ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ የሪፖርቱን ቅጽ ከፈተች። “ምክንያት” የሚል መስመር አለው፤ ከሥሩ “ጥፋተኛ” የሚል። ማስረጃዋ እንደ ፀሐይ ነው። አንድ ስም መጻፍ ብቻ ነው፤ ጋዝዳ ውሉን ይተዋል፣ የኢስክራ ኪራይ ይከፈላል። “ዴ” ብላ ጻፈች። ሰረዘችው። ሰዓቶቹን አብሬ ላያይዝ ብላ መዝገቡን መልሳ ከፈተች።

ያኔ ነው ቅዳሜን ያየችው። ሜዳው መሐል፣ ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ፣ አንዲት ትንሽ ጉብታ። ሽቅብ ትወጣና ከሃያ ደቂቃ በኋላ ትወርዳለች። ቅዳሜ አክስቴ ዴሳንካ ሥራ አይገቡም። ቅዳሜ ማንም አልነበረም። ፓወር ሰፕላዩን ቀይራ፣ ሰርቨሩን አስነስታ፣ ከኢስክራ ጋር በስልክ እያወራች የቆየችው እሷ ብቻ ነበረች። አስታወሰች። ነፋሱ አንገቷን ሲመታት፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ እጇን ወደ ማራገቢያው ዘርግታ ...

“ጉድ ነው!” አለች ብቻዋን። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ስምንት ሰዓት ላይ ጋዝዳ ራዲሻ የቤልግሬዱን ሰውዬ እየመራ ሰርቨሩ ክፍል ገባ። ሰውዬው ኦግንየን ይባላል፤ ጫማው ያብለጨልጫል፣ ከአፉ ማር ይፈሳል። ጋዝዳ ከግቢው ሳጥን ሲያስጭን ቆይቶ ስለመጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

“በይ፣ ምክንያቱን አገኘሽ?”

“አገኘሁ፣ ጋዝዳ።”

“እና ጥፋተኛው?”

በበሩ ክፍተት ወጥ ቤቱ ውስጥ የአክስቴ ዴሳንካ መወልወያ ቀጥ ብሎ መቆሙ ይታያል። ሮክሳንዳ አፏን ከፈተች።

“ቆይ ቆይ ቆይ” አለ ጋዝዳ፣ አንገቱን በመዳፉ ይዞ። “ይኼ ምንድን ነው? ላብ በላብ ሆኜ! ሰው ልትገድሉ ነው?” ሁለት እርምጃ ሄዶ መስኮቱን ድርግም አደረገው። ማራገቢያውንም ቀጭ አድርጎ አጠፋው።

“እግዜር ይስጥልኝ” አለ ኦግንየን ኮሌታውን እያስተካከለ። “እኔም ለመናገር አፍሬ ነው እንጂ፣ አምና ወገቤን መትቶኝ ሦስት ሳምንት ተኝቻለሁ።”

ሮክሳንዳ የከፈተችውን አፍ ዘጋች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስክሪን የሰርቨሩ ሙቀት አርባ አንድ ዲግሪ ነው ይላል። ስክሪኑን ብቻ ሁለቱም እንዲያዩት ዞር አደረገችው።

ኦግንየን ማስረዳት ጀመረ። ስለ ደህንነት ተናገረ፤ አርባ ስድስት። ስለ አእምሮ ሰላም ተናገረ፤ ሃምሳ ሦስት። እነሱ ዘንድ ሰርቨሮቹ የሚቀመጡት የሰው እግር በማይረግጠው ክፍል መሆኑን ሲናገር ስድስት ጊዜ “ውድ ራዲሻ” አለ፤ ስድሳ አንድ። የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አልቆ ሁለተኛው ሲጋመስ ሰባ ደረሰና ሰርቨሩ እንደተረገጠች ድመት ጮኸ።

“ምን ሆነ?” አለ ጋዝዳ ብድግ ብሎ።

“ሊሞት ነው፣ ጋዝዳ። አሥር ዲግሪ ቀረው።”

“ለምን?”

“ማራገቢያውን ሰው አጠፋው።”

“የቱ ደደብ ነው ያ ...” አለና ጋዝዳ ቆመ። መስኮቱን አየ። እጁን አየ። ኦግንየን ጫማውን አየ። ከወጥ ቤቱ የታፈነ ሳል ተሰማ። ሮክሳንዳ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች፣ ማራገቢያውን አበራች።

“በየቀኑ እንዲህ ነው?” አለ ጋዝዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“በየቀኑ።”

“ኦግንየን፣ የወሩ ሂሳብ ስንት ነው ያልከኝ?”

ኦግንየን ነገረው።

“በዚህ ገንዘብ” አለ ጋዝዳ ራዲሻ፣ “ሰርቨሩን ባሕር ዳርቻ ወስጄ አዝናናዋለሁ። ና፣ አንድ ራኪያ ጠጣና ተሸኝ። ደግሞ ከዚህ እንውጣ፤ ነፋሱ በጣም ነው።” በሩ ላይ ዘወር አለ። “ኤሲውን ግዢ ልልሽ ነበር፤ ግን ኤሲ ደግሞ በቀጥታ ሰው ላይ ነው የሚነፍሰው። ሌላ ዘዴ የለም?”

ዘዴው የነበረው ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ መጋዘኑ ውስጥ ተቆልሎ ነው። “የእኛ በር ላይ የእኛ ጎማ የለም እኮ” አለች ሮክሳንዳ። “የወጥ ቤቱን በር ዙሪያውን እናሽገው። አየሩ ከኮሪደሩ በኩል፣ በድሮው የድንች መተንፈሻ ቀዳዳ ይግባ።”

ጋዝዳ ትንሽ አሰበ። “ሁለተኛ ደረጃውን ጎማ ውሰዱ” አለ። “ሪፖርቱን ግን እፈልጋለሁ። ፋይል ውስጥ ይግባ። ከነጥፋተኛው።”

ሚሌታ ስድስት ሜትር ጎማ ተሸክሞ መጣ። “ሃያ ዓመት ለአገሩ ሁሉ በር አለበስን፣ የራሳችንን ራቁቱን ትተን” እያለ ለጠፈው። አክስቴ ዴሳንካ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸውን እየዳበሱ፣ “እዚህ ጋ ገና ትንሽ አለ፤ አሁን ቀረ” እያሉ ያስተካክሉታል።

“እሺ እኔስ ነገ እረፍቴ ማለቁን በምን አውቃለሁ?” አሉ በመጨረሻ።

“እጮህልዎታለሁ አክስቴ” አለ ሚሌታ። “ልማድ ሆኖብኛል።”

ሮክሳንዳ ቅጹ ፊት ተቀመጠች። “ምክንያት” በሚለው ላይ “አንገት” ብላ ጻፈች። “ጥፋተኛ” በሚለው ላይ ቆየች። “የሦስት ሰው አንገት፤ አንዱ የእኔ ነው” ብላ ጻፈችና ሳታነብ ፈርማ ላከችው።

ለመነሳት ቦርሳዋን ካነሳች በኋላ መልሳ አስቀመጠችው። የሱቁን ገጽ ከፈተች። ያ አንድ ኮከብ እዚያው ነው፤ አሁን አርባ ሰባት ሰው ወዶታል። ጽሑፉን ደመሰሰችና እንዲህ ተካችው፦ “ተሳስቻለሁ። ማራገቢያው ይሠራል፤ የምናጠፋው እኛ ነበርን። ሻጩ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።” ከዚያ ኮከቦቹን መሙላት ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

አምስተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። የለካችውን ገመድ አልረሳችውም፤ ሦስት ሜትር የተባለው ሁለት ሜትር ከአርባ ነበር።

አራቱ ላይ ተወችው፤ ላከችና ቡሬኳን አወጣች።